ዕጣ ያልወጣለት ቃሬዛ

ጡረታ የወጣሁት ሠላሳ ሳይሞላኝ ነው። "ተባረሽ ነው እንጅ ምን ጡረታ አለሽ!" የሚሉኝ አሉ። አልተባረርኩም። ሥራው ከእኔ ቀድሞ ሞተ፤ እኔ ቀብሬው መጣሁ። አሁን በእስቴዋ ከተማ በመካነ ኢየሱስ ባጃጅ እነዳለሁ። ተሳፋሪዎቼ እስከ ዛሬ "ዶክተር፣ እዚህ ጋ አውርጅኝ" ይሉኛል፤ ግማሹ በአሽሙር፣ ግማሹ ከልቡ። ዶክተር አይደለሁም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤት ያልመጣልኝ ዝናሽ ነኝ። ሥራዬ የታመመ ሰው በቃሬዛ ሲመጣ ከጎኑ እየሮጡ ማየት፣ ያዩትንም መጻፍ ነበር። ሩጫው ይስማማኝ ነበር። ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ሥራ ያሳክከኛል።

ስለዚያ ሥራ ከተማው ውስጥ የሚወራው አብዛኛው ውሸት ነው። በተለይ ስለ አሠሪዬ፣ "ጋሼ ሙሉቀን ቃሬዛ ላይ ተኝተው ከተሸካሚዎቻቸው ጋር ተጣሉ" የሚለው ብዙ ተጨምሮበታል። መጣላታቸው እውነት ነው። እንዴት እንደተጣሉ ግን እዚያው ቆሜ ያየሁት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ አገር መኪና ከማይገባበት ቀበሌ የታመመ ሰው የሚወጣው በቃሬዛ ነው። የቃሬዛ ማኅበር የሌለው መንደር የለም። ጥሩምባ ሲነፋ አባል የሆነ ሁሉ በሬውን ፈትቶ ይመጣል፤ ያልመጣ ይቀጣል። መሸከሙ በተራ ነው፤ ሀብታም የለ፣ ድኻ የለ፣ ዘመድ የለ፣ ባዳ የለ። ከከተማ የመጡ ሐኪሞች ታዲያ አንድ ነገር ማወቅ ፈለጉ። እነዚህን ተሸካሚዎች ስለ ድንገተኛ ሕክምና ብናሠለጥናቸው፣ ጤና ጣቢያ በሕይወት የሚደርሰው ሰው ይበዛ ይሆን? ይህን ለመለካት የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ቀበሌዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ዕጣ የወጣላቸው ሥልጠና፣ ፋሻና አዲስ ቃሬዛ ያገኛሉ። ዕጣ ያልወጣላቸው እንደ ድሯቸው ይሸከማሉ። እነዚህኞቹ "ማነጻጸሪያ" ተባሉ። በሁለቱ መካከል ልዩነት ከታየ ሥልጠናው ለሁሉም ቀበሌ ይዳረሳል፤ ካልታየ እዚያው ይቀራል። ቃል የተገባው ይኼ ነው።

የእስቴው ዕጣ የወጣ ዕለት አዳራሹ ሙሉ ነበር። ድንጋይ በር የሚባለው ቀበሌ ወጣለት። ገደል ማዶ ለማዶ የሚተያየው ጎረቤቱ አጋም ውሃ ማነጻጸሪያ ሆነ። የአጋም ውሃ የቃሬዛ ማኅበር ዳኛ አያ ካሴ፣ ነጭ በነጭ የለበሱ ቀጭን ሰው፣ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ።

"ማነጻጸሪያ ማለት ምን ማለት ነው?"

አስተባባሪያችን፣ ሁልጊዜ ክራባት የሚያደርግ ልጅ፣ ብዙ ቃል አወረደ። አያ ካሴ ጨርሰው ሰሙትና፣

"እንግዲያ እኛ ስንሞት እናንተ ልትቆጥሩ ነው" አሉ።

አስተባባሪው ክራባቱን ነካ ነካ አደረገ። ያን ጊዜ ከኋላ አንድ ወፍራም ድምፅ፣ "አዎ" አለ። ጋሼ ሙሉቀን ናቸው። "ሐቁ እሱ ነው፤ አልዋሽዎትም። ግን ሥልጠናው እንደሚጠቅም እኛም ገና አናውቅም። ሰው በእጁ መነካካት ሲያበዛ የሚጎዳም ሊሆን ይችላል።"

አያ ካሴ ወደ ድንጋይ በሮቹ ዞሩ። "እንግዲያ እነሱ ሲጎዱ እኛ ማዶ ሆነን እንቆጥራለን" ብለው ቁጭ አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ዕጣውም ጸደቀ።

ጋሼ ሙሉቀን አሠሪዬም አስተማሪዬም ነበሩ። ድሮ የጦር ሜዳ ነርስ ነበሩ፤ ከዚያ በየጤና ጣቢያው ሲዞሩ አርጅተዋል። በቁመትም በወርድም እንደ ዝግባ ናቸው። ሳሙናቸውን ካልሲ ውስጥ ከተው በቀበቷቸው ያንጠለጥሉታል፤ ከሰው ቤት ሲገቡ ከሰላምታ በፊት ውኃ ይጠይቃሉ። ሕመምተኛ ሲያዩ መጀመሪያ ዝም ብለው ይቆማሉ። እኔ "ምን እንጠብቃለን?" ብዬ ስቁነጠነጥ፣ "ደረቱን እያየሁ ነው፤ አንቺም አፍሽን ዘግተሽ ደረቱን እይ" ይሉኛል። ስጽፍ ደግሞ ከትከሻዬ በላይ ያነባሉ። "'ደህና ይመስላል' ብለሽ ጽፈሻል። ማነው የመሰለው? ለማን መሰለው? ያየሽውን ጻፊ።"

ጋይንት ውስጥ ነፋስ መውጫ ላይ ሥልጠና ስንጀምር የመጀመሪያው ትምህርታቸው ቃሬዛ ላይ መተኛት ነበር። "ያልተኛሽበትን ቃሬዛ አታስተምሪ" አሉኝ። ተኛሁ። አራት ጎረምሶች አንሥተው ቁልቁለት ለቀቁኝ። ሰማዩ እንደ ወንፊት ሲነቃነቅ፣ ደሜ በሙሉ ራሴ ላይ ሲወርድ አየሁ። ታችኛው ሜዳ ስደርስ ቁርሴን አስመለስኩ። ከዚያ በኋላ "ጭንቅላቱ ምንጊዜም በዳገቱ በኩል ይሁን" ሲባል መጽሐፍ አላስፈለገኝም። "ራሱን የሳተ ሰው በጎኑ ይተኛ፤ ያስመለሰው ተመልሶ እንዳያንቀው" ሲባልም እንዲሁ፤ እኔ ራሴ ልታነቅ ነበር።

"እርስዎስ ተኝተው ያውቃሉ?" አልኳቸው፣ አፌን እየጠረግሁ።

"እኔን የሚሸከም ማኅበር ገና አልተቋቋመም" አሉ።

ከሁሉ የከበደን የፊት ነገር ነበር። በእኛ ዘንድ የታመመን ሰው ምች እንዳይመታው፣ ዓይን እንዳይበላው እስከ ራሱ በጋቢ ይሸፍኑታል። ተሸካሚዎቹ የጋቢ ጥቅል ይዘው ይሮጣሉ፤ ከሥር ያለው ሰው ይተንፍስ አይተንፍስ የሚያውቅ የለም። "ፊቱን ግለጡ" ብንል ማን ይሰማናል! ነፋስ መውጫ አካባቢ አንዲት እናት በጉልበት ሸፈነችብን። ጋሼ ሙሉቀን አጠገባቸው የቆሙትን ቄስ ጥላ ለመኑ፤ ዘርግተውም ከልጇ ፊት በላይ ያዙት። "ፀሐይ የለም፣ ምች የለም። እኔ ግን ትንፋሹን አያለሁ።" እናትየው እሺ አለች። ከዚያ ወዲያ የሠለጠነ ቀበሌ ከሩቅ ይታወቅ ጀመር፤ ቃሬዛው ላይ ጥላ ተዘርግቶ የሚመጣ ከሆነ የእኛ ነው። አንድ ሰው መሸከሙን ትቶ ጥላ ይይዛል፤ የሚያየውን ትንፋሽም ለተሸካሚዎቹ ጮክ ብሎ ይናገራል።

ከነፋስ መውጫ ወደ ስማዳዋ ከተማ ወደ ወገዳ ተዛወርኩ። ወገዳ ላይ የነበረኝ አለቃ ሥራ ሳይሆን ስልክ ነበር የሚወደው። ኔትወርክ ስለማይሠራ "ለምን አልመለስሽም?" ለሚለው ጥያቄ ለመመለስ ተራራ እወጣለሁ፤ ተራራው ላይ ስደርስ "ለምን ቢሮ የለሽም?" ይለኛል። ስለ ደመወዙ አልናገርም፤ ባጃጁ ይሻላል። ወረቀቱ ግን አይረሳኝም። ማንኛውም ሰው ወደ ጥናቱ ከመግባቱ በፊት ፈቃዱን የምንጠይቅበት ረጅም ጽሑፍ ነበር። አንድ ከዛፍ የወደቀ ገበሬ ክንዱን ታቅፎ እያቃሰተ አነበብኩለት። "በማንኛውም ጊዜ ከጥናቱ የመውጣት መብት አለዎት" ስለው፣ "እቴ፣ መጀመሪያ ከሕመሙ ልውጣ" አለኝ።

ከዚያ ወደ እስቴ ተመለስኩ፤ ድንጋይ በርና አጋም ውሃ የእኔ ድርሻ ሆኑ። የሚያስቀው እስኪመጣ ድረስ የማያስቀውን ልናገር።

ክረምት ነበር። ድንጋይ በር ላይ ውዴ የምትባል ሴት ወለደችና ደሟ አልቆም አለ። ተሸካሚዎቹ የተማሩትን አንድም አላጎደሉም። ደሟ እንዲቆም የተወለደችውን ልጅ ጡት አስያዙ። አዋላጇ ሆዷን ከእምብርቷ ሥር ማሸቷን መንገድ ላይም አላቆመችም። በደንብ አለበሷት፤ ፊቷን ገለጡ፤ ጥላው ተዘረጋ። እኔ ከጎን እሮጣለሁ። ወንዙ ጋ ስንደርስ ሞልቷል። አምቡላንሱ ማዶ ቆሟል። ሾፌሩን እናየዋለን፤ ያየናል። ክላክስ ያደርግልናል፣ ክላክስ ምን ያደርጋል! ተሸካሚዎቹ ገመድ ወርውረው ሊሻገሩ ሞከሩ፤ ውኃው የመጀመሪያውን ሰው ሊወስደው ሲል ጎትተው አወጡት። ውዴ "ልጄን አሙቋት" አለች። ከዚያ ጥላ ያዡ ትንፋሿን መናገር አቆመ።

ጋሼ ሙሉቀን በማግሥቱ መጥተው ሁሉንም አንድ በአንድ ጠየቁ። ሰዎቹ እንደ ተከሳሽ ተሰልፈው መለሱ። "አንድም አላጎደላችሁም" አሏቸው። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ሳሙናቸውን ከካልሲው አውጥተው መልሰው ከተቱት። "ቃሬዛ አስተማርን፤ ወንዝ ግን አላስተማርንም" አሉ። ለወረዳው ስለ ድልድይ ሲጽፉ ከረሙ።

ውዴ የተወለደችው አጋም ውሃ ነው። የአያ ካሴ ታናሽ እህት ናት። ወንድሞቿ ለልቅሶ ወደ ድንጋይ በር ሲሻገሩ አገሩ ሁሉ ፈርቶ ነበር፤ እህት ሰጥቶ ሬሳ መቀበል ደም ሊያቃባ ይችላል። ነገር ግን አማቾቹ በሰላም ተለያዩ። እኛም ተመስገን ብለን ዝም አልን። በምን እንደታረቁ አልጠየቅንም።

አሁን ወደ ጠቡ።

በጋው ገብቶ ጋሼ ሙሉቀንና እኔ ወደ አጋም ውሃ ቁጥጥር ወረድን። እሳቸው በበቅሎ፣ እኔ በእግሬ። ማነጻጸሪያ ቀበሌ ላይ ሕጋችን ጥብቅ ነው፦ ማየት እንጅ ማስተማር የለም። የተናገረ ይባረራል። ይህንን ሕግ ከእሳቸው በላይ የሚያጠብቀው አልነበረም፤ አጋም ውሃ ሲደርሱ እጃቸውን እንኳ ተደብቀው ነበር የሚታጠቡት። ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ ቆቅ ከቁጥቋጦ በረረች፤ በቅሎዋ ደነገጠች፤ ጋሼ ሙሉቀን ቁልቁል ሄዱ። ስደርስባቸው ከአለት ሥር ወድቀዋል። ራሳቸውን ስተዋል። የቀኝ ቅልጥማቸው ተሰብሮ ቆዳውን ቀዷል፤ ደሙ ይወርዳል።

ጮኽኩ። ጥሩምባው ተነፋ። ማሳ ላይ ገብስ ያጭድ የነበረ ሰው ሁሉ እየሮጠ መጣ። እኔ በነጠላዬ ቁስሉን ተጭኜ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አሁን እነዚህ ሰዎች እንደ ጥቅል ሸፍነው በጀርባቸው ሊያስተኟቸው ነው፤ ዝም ካልኩ እኒህ ሰው ይሞታሉ፤ ከተናገርኩ ሥራው ያልቃል። ይለቅ አልኩና አፌን ከፈትኩ። አያ ካሴ በክንዳቸው ገፋ አደረጉኝ።

"አንች ልጅ፣ ዞር በይ። ነክተሽ ጥናትሽን ታበላሺያለሽ።"

ያየሽውን ጻፊ ስለተባልኩ ከዚያ ያየሁትን እጽፋለሁ። አንዱ ንጹሕ ጨርቅ አጥፎ ቁስሉ ላይ ተጫነ፤ ጨርቁ ሲርስ ሳያነሣው ሌላ ደረበበት። ሁለቱ በተሰበረው እግር ግራና ቀኝ የወይራ በትር አድርገው ከጉልበት በላይና ከቁርጭምጭሚት በታች አሰሩ። በጎናቸው አስተኟቸው። ለማንሣት ስድስት ሆኑ፤ አልበቃም፤ ስምንት ሆኑ። ጭንቅላታቸው በዳገቱ በኩል። አያ ካሴም ከቄሱ ቤት ያስመጡትን ጥላ ተቀብለው ዘረጉት። እኔ ጥላውን ሳይ አፌ እንደተከፈተ ቀረ።

ትንሽ እንደሄድን ጋሼ ሙሉቀን ዓይናቸውን ገለጡ። በመጀመሪያ ያዩት ጥላውን ነው።

"ተመስገን" አሉ በደከመ ድምፅ። "ድንጋይ በሮች ደረሱልኝ።"

"አጋም ውሃ ነን" አሉ አያ ካሴ።

ያ ወፍራም ድምፅ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ "እናንተ ማነጻጸሪያ ናችሁ!"

"ነን።"

"ታዲያ ይሄ ምንድን ነው? ማን አስተማራችሁ? ዝናሽ! አንች ነሽ?"

"በማርያም! እኔ አይደለሁም ጋሼ!"

"ጥላውን አጥፉት! እንደ ድሯችሁ ተሸከሙኝ!"

"እንደ ድሯችን ከሆነ ይሞታሉ" አሉ አያ ካሴ፣ ጥላውን ሳያወዛውዙ።

"ልሙት! ሥራ ነው!"

"በሌላ ቀን ይሙቱ። ዛሬ ተራው የእኛ ነው፤ በእኛ ተራ አይሞቱም።" ወደ ተሸካሚዎቹ ዞረው፣ "ትንፋሹ ደህና ነው፤ ምላሱም ደህና ነው፤ ቀጥሉ!" አሉ። ተሸካሚዎቹ እያላቡ ሳቁ። ከኋላ ያለው፣ "ይህን ያህል ከተሳደቡ ወርደው ይሂዱ፤ እኛም አረፍን" አለ።

ጋሼ ሙሉቀን አላስቻላቸውም። "እግሬን ማን ነው ያሰረው?"

"እኔ ነኝ" አለ አንዱ።

"አጥብቀኸዋል። ጣቶቼ ደንዝዘዋል። አቁሙ፤ የታችኛውን ላላ አድርገህ እሰረው፤ ጣቴን ጫን በለው፤ ነጭ ሆኖ ወዲያው ከቀላ ልክ ነው... አዎ፣ እንደሱ። ከእንግዲህ ባሰርክ ቁጥር ጣቱን እይ።"

"እሺ ጋሼ" አለ ሰውየው በአክብሮት።

"ጋሼ" አልኩ፣ "አስተማሩ እኮ።"

በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ፊት አላየሁም። ሕግ አውጭውም፣ ሕግ አፍራሹም፣ ማስረጃውም አንድ ቃሬዛ ላይ ተኝተዋል። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ስምንቱ ሰዎች ሳቅ ይዟቸው ቃሬዛው ሲነቃነቅ፣ "ሳቁን ተዉና በእርጋታ ተሸከሙኝ" ብቻ አሉ።

ዕረፍት ስናደርግ፣ ለስለስ ብለው ጠየቁ። "አያ ካሴ፣ ከየት ተማራችሁ?"

አያ ካሴ ጥላውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ። "ከልቅሶው። ድንኳኑ ውስጥ ገብተን አማቾቻችንን 'እህታችንን እንዴት ተሸከማችኋት?' ብለን ጠየቅን። በቃል ቢነግሩን አናምን ነበር። ቃሬዛውን አመጡ። ባሏ ራሱ ተኛበት፤ እሷን አድርጉኝ አለ። አንድ በአንድ አሳዩን። ይሄ ለምን? ይሄስ ለምን? እያልን ጠየቅን። እስኪመሽ ድረስ ጠየቅን። ያላደረጉላት ነገር አጣን። ያን ጊዜ ታረቅን።" ቀና ብለው ማዶውን አዩና፣ "ያየነውን ደግሞ አላየንም ማለት አንችልም" አሉ።

ጋሼ ሙሉቀን እጃቸውን ዘርግተው የአያ ካሴን ጋቢ ጫፍ ያዙ፤ እንደያዙ ተነሥተን ሄድን።

ደብረ ታቦር ሆስፒታል እግራቸው ተጠግኖ ተኝተው ሳለ ልጠይቃቸው ገባሁ። ሰላምታዬን አልጨረስኩም፤ "ጻፍሽው?" አሉኝ።

"አልጻፍኩም። ከጻፍኩት ጥናቱ አለቀ። አጋም ውሃም ማነጻጸሪያ መሆኑ ቀረ፤ ልዩነት ካልተገኘም ለሌሎቹ ቀበሌዎች ሥልጠናው አይዳረስም። የእኛም እንጀራ አለቀ።"

"ካልጻፍሽው እኔን ማን ተሸከመኝ? ውዴንስ ሞታ ምን አደረግናት?" አሉ። "ያየሽውን ጻፊ።"

ፊታቸው ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። ከትከሻዬ በላይ ማንበብ ስላልቻሉ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። "'ስድስት ሰው አልበቃም' የሚለው ይውጣ" አሉ። "ያየሁትን ነው" አልኳቸው። ሳቁ፤ እግራቸውን አሟቸው ሳቃቸውን ዋጡ።

ትላልቆቹ ሐኪሞች መጥተው ሲመረምሩ ነገሩ አጋም ውሃ ላይ ብቻ አልቆመም። ጥላው በአማች፣ በአበልጅ፣ በማኅበር እየተሻገረ እስከ ስማዳ ደርሷል። ማነጻጸሪያው ሁሉ ሠልጥኗል። እዚያው አዳራሽ ተሰበሰብን፤ አስተባባሪው በዚያው ክራባቱ፣ "በሁለቱ ወገን መካከል ልዩነት ስላልተገኘ ሥልጠናው ለሌሎች ቀበሌዎች አይዳረስም" ብሎ አስታወቀ።

አያ ካሴ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ። "ግድ የለም፤ አዳርሰነዋል" አሉና ቁጭ አሉ።

ሥራው እንዲህ ሞተ። ስንወጣ ጋሼ ሙሉቀንን በር ላይ ያዝኳቸው፤ በክራንች ነበሩ። "አሁን እውነቱን ይንገሩኝ። ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም?"

"አልተረጋገጠም።"

"እርስዎ ቆመዋል እኮ!"

"እኔ አንድ ሰው ነኝ። አንድ ሰው ማስረጃ አይሆንም" አሉ። ትንሽ አንክሰው ሄዱና ዞሩ። "ጥላ ግን አይለይሽ።"

የአጋም ውሃ የቃሬዛ ማኅበር ደግሞ ሕግ አለው። አባል ሳይሆን የተሸከሙት ሰው ድኖ ሲነሣ አባል ይሆናል። ጋሼ ሙሉቀን እውነተኛውን ጡረታቸውን ሲወጡ፣ ከአጋም ውሃ የሚመጣው የእግር መንገድ ከመኪና መንገዱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ቤት ተከራዩ። በዚያ እግር መሸከም አይችሉም፤ ስለዚህ ጥላ ያዥ አደረጓቸው። ቃሬዛው ሲደርስ ከአያ ካሴ ጥላውን ተቀብለው ሕመምተኛው መኪና እስኪያገኝ እላዩ ላይ ይቆማሉ፤ መጀመሪያም ዝም ብለው ደረቱን ያያሉ። አንድ ጊዜ እንቅልፍ ጥሏቸው ቀሩና ማኅበሩ ቀጣቸው። ለሰው ሁሉ በኩራት ይናገሩታል።

እኔንም መዝግበውኛል። አምቡላንስ ሲጠፋ ባጃጅ ከምንም ይሻላል። ትናንት አንድ ጠረጴዛ የሚያክል ቦርሳ የያዘ የቢሮ ሰው አሳፍሬ ወደ መናኸሪያ እያበረርኩ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ሙሉቀን ናቸው። "ከአጋም ውሃ ጥላ እየመጣ ነው" ብለው ዘጉት።

ባጃጁን ጥግ አስያዝኩ። "ውረድ" አልኩት ሰውየውን።

"እንዴ! አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነው! ለምን?"

"ተራዬ ነው" አልኩት፤ ቦርሳውን አወረድኩለትና ዞርኩ።